ትልቅ ቼይንሶው ከመምረጣችሁ በፊት፦ ክብደቱንና የመቁረጥ አቅሙን ራሳችሁ ለኩ

ስለ ትልልቅ ቼይንሶው ሲወራ ሁለት ቁጥሮች ቀድመው ይነሳሉ። ሲሲው (የሞተሩ ሲሊንደር መጠን) እና ኪሎው። "ይሄ 90 ሲሲ ነው፣ ያኛው 120 ነው" ይባላል። ሰውም ትልቁን አንስቶ ይሄዳል። ሳምንት ሳይሞላ ወገቡን ይዞ ይቀመጣል። ቀላሉን የመረጠው ደግሞ ወፍራም ግንድ ውስጥ ሰንሰለቱ እየቆመበት ይንገበገባል።

ቁጥሮቹ ውሸት አይደሉም። ግን የተለኩት እናንተ በማትሠሩበት ሁኔታ ነው። ክብደቱ የተለካው መጋዙ ባዶውን ሳለ ነው። ጉልበቱም የተለካው ሞተሩ ላይ ነው እንጂ እንጨት ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱንም ራሳችን መለካት አለብን። ከባድ ሥራ አይደለም፤ ግማሽ ቀን ይበቃል። ተንጠልጣይ ሚዛን፣ ሜትር፣ ስልክ፣ ሞረድ፣ ወረቀትና አንድ ደህና ወፍራም ግንድ አዘጋጁ።

1. መጋዙ የሚውለው የት ነው?

ከሚዛኑ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። መጋዙ አብዛኛውን ሰዓት የሚውለው ግንድ ላይ ተደግፎ ነው ወይስ እጃችሁ ላይ?

የወደቀ ወፍራም ግንድ ስትቆራርጡ ክብደቱን የሚሸከመው ግንዱ ነው። እንዲያውም ክብደቱ ያግዛል፤ መጋዙ በራሱ ተጭኖ ይወርዳል። ቅርንጫፍ ስትመለምሉ ግን እያንዳንዷ ግራም የእናንተ ናት። ዛፍ ስትጥሉ ደግሞ ጎንበስ ብላችሁ፣ መጋዙን በጎኑ አስተኝታችሁ በክንዳችሁ ትይዙታላችሁ። ጣውላ ለመሰንጠቅ ከሆነ መጋዙ መሪ ላይ እየተንሸራተተ ስለሚሄድ ክብደቱ ብዙም አያሳስብም። ሞተሩ ግን ለደቂቃዎች ያለ ዕረፍት በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል።

ወረቀቱ አናት ላይ ሁለት ነገር ጻፉ። አንደኛ፣ ብዙ ጊዜ የሚገጥማችሁ ግንድ ውፍረት። በዓመት አንዴ የሚመጣውን ግዙፍ ግንድ ለጊዜው ተዉት። ሁለተኛ፣ በቀን ውስጥ መጋዙን ተሸክማችሁ የምትሄዱበት ጊዜ። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ሁለት መልሶች ጋር ነው የሚመዘነው።

2. ለሥራ እንደተሰናዳ መዝኑት

የሁለት አምራቾችን፣ የስቲልንና የሁስክቫርናን፣ የፋብሪካ ቁጥሮች እንይ። ስቲል ኤምኤስ 500አይ 6.2 ኪሎ ይመዝናል። ኤምኤስ 661 ደግሞ 7.4 ኪሎ ነው። ሁስክቫርና 395ኤክስፒ 7.9 ኪሎ ነው። ትልቁ የሁስክቫርና 3120ኤክስፒ 10.4 ኪሎ፣ የስቲል ኤምኤስ 881 ደግሞ 9.9 ኪሎ ገደማ ነው። እነዚህ ሁሉ ያለ ነዳጅ፣ ያለ ባር (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) እና ያለ ሰንሰለት የተመዘኑ ናቸው። እንደዚያ ሆኖ የሚቆርጥ መጋዝ ደግሞ የለም።

አሁን እንደምር። 1 ሊትር ቤንዚን ከ0.72 እስከ 0.75 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የሰንሰለት ዘይት ከዚያ ይከብዳል፤ በሊትር 0.9 ኪሎ ያህል ነው። ታንኩ 0.85 ሊትር ነዳጅና 0.4 ሊትር ዘይት ቢይዝ ፈሳሹ ብቻ ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል። 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድፍን ባር ከነሰንሰለቱ ከ2 ኪሎ በላይ ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ 7.4 ኪሎ የነበረው መጋዝ ክንዳችሁ ላይ ሲደርስ ከ10 ኪሎ ያልፋል።

በግምት አትለፉት፤ መዝኑት። ባሩን ግጠሙ፣ ሰንሰለቱን አስሩ፣ ሁለቱንም ታንክ ሙሉ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የባሩ መሸፈኛ እንደገባ፣ የፊት እጀታውን በገመድ ተንጠልጣይ ሚዛኑ ላይ ስቀሉት። ተንጠልጣይ ሚዛን ከሌለ የሰውነት ሚዛን ላይ መጋዙን ይዛችሁ ውጡ፤ ከዚያ ያለ መጋዝ ውጡና ልዩነቱን ውሰዱ። ሁለቱን መጋዞች ስታወዳድሩ የባሩ ርዝመት እኩል ይሁን። አንዱን በ60፣ ሌላውን በ90 ሳንቲ ሜትር ባር መመዘን ትርጉም የለውም።

ውስጡ ክፍት የሆነ ወይም በቀላል ብረት የተሠራ ባር ሲገኝ ልዩነቱ በደንብ ይሰማል። አንዳንድ ጊዜ መጋዙን ከመቀየር ባሩን መቀየር ይሻላል። ይህን የምለው ደጋግሜ ስላየሁት ነው።

3. አፍንጫው ምን ያህል ይወድቃል?

መጋዙ ሚዛኑ ላይ እንደተሰቀለ አንድ እርምጃ ራቅ በሉና ከጎን እዩት። ባሩ አግድም ቆሟል? ወይስ ጫፉ ወደ መሬት ወርዶ የኋላ እጀታው ወደ ላይ ተነስቷል? አሁን ጫፉን በአንድ ጣት ከሥር ደግፋችሁ ወደ አግድም መልሱት። ያ ጣታችሁ ላይ የሚሰማችሁ ጫና ቀኑን ሙሉ የእጅ አንጓችሁ የሚሸከመው ነው።

ይህን ጫና ኪሎው ብቻ አይነግራችሁም። 60 ሳንቲ ሜትር ባር 1.3 ኪሎ፣ 90 ሳንቲ ሜትር ባር 2 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ክብደቱ የጨመረው በግማሽ ገደማ ነው። የክብደቱ መሐል ግን ከ30 ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ርቋል። 1.3 ሲባዛ በ30፣ 39 ነው። 2 ሲባዛ በ45፣ 90 ነው። ወደ ፊት የሚጎትታችሁ ኃይል ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ረጅም ባር አጭር ሥራ ላይ የሚያደክመው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ከባዱ መጋዝ የሚያሸንፍበት ጊዜ አለ። የከባዱ ሞተር ክብደት ከኋላ ሆኖ ረጅሙን ባር ያመዛዝነዋል። ቀላል ሞተር ላይ የተገጠመ ረጅም ባር ግን አፍንጫው መሬት መሬት ይላል። ስለዚህ ኪሎውን ስትጽፉ አጠገቡ "ሚዛኑን ይጠብቃል" ወይም "በአፍንጫው ይወድቃል" ብላችሁ ጻፉ።

4. የጉልበቱን ቁጥር ማንበብ

ሲሲ የሚነግራችሁ የሲሊንደሩን መጠን ብቻ ነው። 395ኤክስፒ 93.6 ሲሲ ሆኖ 4.9 ኪሎዋት ይሰጣል። ኤምኤስ 500አይ 79.2 ሲሲ ብቻ ነው፤ ግን 5.0 ኪሎዋት ይሰጣል። ካርቡሬተር የለውም፣ ነዳጁን በኤሌክትሮኒክስ ይረጫል። በ1.7 ኪሎም ይቀላል። በሲሲ ብቻ የሚገዛ ሰው ይህን ልዩነት አያየውም።

ኪሎዋት ካልተመቻችሁ በ1.36 አባዙት፤ የፈረስ ጉልበት ይሆናል።

ቀጥሎ ክብደቱን ለጉልበቱ አካፍሉ። ኤምኤስ 500አይ፦ 6.2 ሲካፈል ለ5.0፣ ለአንድ ኪሎዋት 1.24 ኪሎ። ኤምኤስ 661፦ 7.4 ለ5.4፣ 1.37። ኤምኤስ 881፦ 9.9 ለ6.4፣ 1.55። 395ኤክስፒ፦ 7.9 ለ4.9፣ 1.61። 3120ኤክስፒ፦ 10.4 ለ6.2፣ 1.68። ቁጥሩ ሲያንስ ለተሸከማችሁት ክብደት ብዙ ጉልበት ታገኛላችሁ። ትልልቆቹ በዚህ ስሌት በአብዛኛው ይሸነፋሉ። ታዲያ ለምን ይሠራሉ? መልሱ እንጨቱ ውስጥ ነው፤ ስድስተኛው ላይ እንመጣበታለን።

ስም የሌለው ወይም አስመስሎ የተሠራ መጋዝ ከቀረበላችሁ ሲሲውን አስሉት። የሲሊንደሩን ስፋት በሳንቲ ሜትር ውሰዱ፣ በራሱ አባዙ፣ በ0.785 አባዙ፣ ከዚያ ፒስቶኑ በሚጓዘው ርቀት አባዙ። ኤምኤስ 661ን ብንወስድ ስፋቱ 5.6፣ ጉዞው 3.7 ነው፤ 91.1 ሲሲ ይመጣል። መመሪያ ደብተሩ ላይ ያሉት ሁለት ልኬቶች ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ሲሲ ካልሰጡ፣ ሌላውንም ቁጥር አትመኑ።

ከባሕር ወለል ከፍ ያለ ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ አየሩ ስስ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ጉልበቱ በአንድ አሥረኛ ገደማ ይቀንሳል። ካርቡሬተሩ መስተካከል አለበት። ራሱን የሚያስተካክል መጋዝ ቢሆንም የሌለ ኦክስጅን አያመጣም። ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ሞተር ቢመርጥ እደግፈዋለሁ።

5. ሰንሰለቱን እኩል አድርጉ

አብዛኛው ንጽጽር የሚበላሸው እዚህ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ሁለት መጋዞችን አወዳድሬ ትንሹ ትልቁን በለጠ ብዬ ለሰው አወራሁ። በነጋታው የትልቁን ሰንሰለት ስሞርድ ጥርሶቹ ድንጋይ ነክተው ጫፋቸው ነጭ ሆኖ አገኘሁ። የለካሁት ሞረዱን ነበር ማለት ነው። ምክሬን ሰምቶ ገንዘቡን ያወጣ ሰው ቢኖር ኖሮ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ሰንሰለት ግጠሙ። ወይ ሁለቱም አዲስ፣ ወይ ሁለቱም በአንድ እጅ የተሞረዱ ይሁኑ። 3/8 ለሚባለው ሰንሰለት (ቁጥሩ የሰንሰለቱ ማያያዣዎች አማካይ ርቀት በኢንች ነው) እንደ አምራቹ 5.2 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ ነው፤ ለ0.404 ደግሞ 5.5። ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት ያለችውን ጉብታም እዩ። በ3/8 ሰንሰለት ከጥርሱ ጫፍ 0.65 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝቅ ማለት አለባት። ጉብታዋ ከፍ ካለች ጥርሱ እንጨቱን አይነክስም። በጣም ዝቅ ካለች ደግሞ መጋዙ እየነከሰ ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሩም ይታነቃል።

ሰንሰለቱን የሚያዞረውን የጥርሳም መዘውር ጥርሶችም ቁጠሩ። አንዱ 7፣ ሌላው 8 ጥርስ ካለው ውድድሩ እኩል አይደለም። የሰንሰለቱን ፍጥነት ማስላት ቀላል ነው። የ3/8 ሰንሰለት በ7 ጥርስ መዘውር በአንድ ዙር 133 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። ሞተሩ በደቂቃ 10,000 ዙር ቢዞር በሰከንድ 22.2 ሜትር ይሆናል። በ8 ጥርስ ከሆነ 25.4 ሜትር ይደርሳል። ፍጥነቱ ሲጨምር ግን የመጎተት ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ልክ ብስክሌት ላይ ማርሽ እንደመቀየር ነው።

ይህ ፍጥነት ለእግራችሁም ጉዳይ አለው። የቼይንሶው መከላከያ ሱሪ ደረጃ አለው። ክፍል 1 የተፈተነው በሰከንድ 20 ሜትር፣ ክፍል 2 በ24፣ ክፍል 3 በ28 ሜትር ነው። ትልቅ መጋዝ ይዛችሁ ክፍል 1 ሱሪ ከለበሳችሁ ሰንሰለቱ ሱሪው ከተፈተነበት ፍጥነት በላይ ሊሄድ ይችላል። ያላችሁን ሱሪ ገልብጡና ምልክቱን ፈልጉ። የራስ ቁር፣ የጆሮና የዓይን መከላከያ፣ ጓንትና ጫማም አይቅሩ።

6. ግንድ ላይ ፈትኑ

ግንዱ ቅርንጫፍ የወጣበት እብጠት የሌለው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውፍረቱ የተቀራረበ ይሁን። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ድጋፍ ላይ አስቀምጡትና በሽብልቅ አጥብቃችሁ ያዙት። የምትቆርጡት ጫፍ ከድጋፉ ወጣ ይበል፤ የተቆረጠው ሲወድቅ ክፍተቱ ይከፈታል እንጂ ባሩን አይነክስም። ሰው ሁሉ ራቅ ይበል።

ነዳጁ አንድ ዓይነት ይሁን። መመሪያው 50 ለ1 ካለ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ነው። ትልቅ ሞተር ስታስነሱ የግፊት ማስተንፈሻዋን ቁልፍ መጫን አትርሱ፤ 120 ሲሲ ሞተር ገመዱን መልሶ ከነጠቀ ጣት ይጎዳል። ሁለቱንም ሞተሮች አሙቁ። የባሩን ጫፍ ወደ አንድ ነጣ ያለ ጉቶ አስጠግታችሁ ነዳጅ ስጡ፤ ቀጭን የዘይት መስመር መታየት አለበት። ካልታየ ዘይቱ ለዚያ ባር አይበቃም፣ ፈተናውም እዚያው ይቁም።

አሁን ስልካችሁን ራቅ ያለ ቦታ አቁማችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ሰዓት የሚይዝ ሰው ከሚሳሳት ቪዲዮው ይሻላል፤ ድምፁም ይቀራል። ሙሉ ነዳጅ ስጡና ባሩን አስገቡ። ጊዜው የሚጀምረው ሰንሰለቱ ልጡን ሲነካ ነው፤ የሚያበቃው ቁራጩ ሲወድቅ። በመጀመሪያው መጋዝ አንድ፣ በሁለተኛው አንድ፣ እንደገና በመጀመሪያው... እያፈራረቃችሁ ለእያንዳንዳቸው 3 ቁረጡ። እብጠት ያገኘ ካለ ጣሉትና ድገሙ።

ይህን ሁለት ዙር አድርጉት። በመጀመሪያው ዙር አትጫኑ፤ መጋዙ በራሱ ክብደት ይውረድ። በሁለተኛው ዙር የመጋዙን ሹል ጥፍሮች ግንዱ ላይ ተክላችሁ በመጠኑ ጫን በሉ። ትልቅና ትንሽ ሞተር የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ፈጣኑ ትንሽ ሞተር ሳይጫኑት ይበራል፤ ሲጫኑት ግን ድምፁ ወርዶ ያጉረመርማል፣ ፍሪሲዮኑም መንሸራተት ይጀምራል። ትልቁ ሞተር መጀመሪያውኑ ዝግ ያለ ቢመስልም ተጭናችሁትም ድምፁ ብዙ አይወርድም። ቪዲዮውን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። ድምፁ የሚወርድበት ቦታ የሞተሩ አቅም ያለቀበት ቦታ ነው።

ሞተሩን አጥፍታችሁ ከግንዱ ሥር ያለውን ሰጋቱራ በእጃችሁ ዝገኑት። ወፈር ወፈር ያለ ፍልፋይ ከሆነ ሰንሰለቱ ስለታም ነው፣ ሞተሩም እየጎተተው ነው። እንደ ዱቄት ደቆ ጣታችሁ ላይ ከተለጠፈ ሰንሰለቱ ደንዟል፤ የለካችሁት ጊዜ አይሠራም፤ ሞርዳችሁ ድገሙት። አንዱ መጋዝ ፍልፋይ፣ ሌላው ዱቄት እያወጣ ሰዓታቸውን ማወዳደር የለም።

7. ስሌቱ

የቆረጣችሁበትን ቦታ ስፋት አስሉ። ውፍረቱን ለ2 አካፍሉ፣ በራሱ አባዙ፣ በ3.14 አባዙ። 60 ሳንቲ ሜትር ግንድ 2,826 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ይህን ለሰከንዱ አካፍሉ።

እንበል ቀላሉ መጋዝ 20 ሰከንድ፣ ከባዱ 16 ሰከንድ ፈጀ። ቀላሉ በሰከንድ 141፣ ከባዱ 177 ካሬ ሳንቲ ሜትር ቆርጧል። ታንካቸው ሞልቶ ቀላሉ 9.2፣ ከባዱ 12.5 ኪሎ ይመዝኑ። ለአንድ ኪሎ ቀላሉ 15.3፣ ከባዱ 14.2 ሰጠ።

አሁን ወደ ሕይወት አምጡት። በቀን 50 ጊዜ ብትቆርጡ ከባዱ የሚያተርፍላችሁ 4 ሰከንድ ሲባዛ በ50 ነው። 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። ለዚህች ደቂቃ ቀኑን ሙሉ 3.3 ኪሎ ትርፍ ትሸከማላችሁ። በ60 ሳንቲ ሜትር ግንድ ላይ ይህ ንግድ አያዋጣም።

ግንዱ 1 ሜትር ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ስፋቱ 7,850 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ 2.8 እጥፍ ገደማ። እንጨት ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚነክሱት ጥርሶችም ይበዛሉ። ትንሹ ሞተር እየታነቀ፣ እናንተም ነፍስ እንዲዘራ ደጋግማችሁ ከፍ እያደረጋችሁት ትቆርጣላችሁ። ከፍ ማድረጉ ራሱ ክንድ ይጨርሳል። ለረጅም ባር ጥርሱ ራቅ ራቅ ያለ ሰንሰለት ብትገጥሙ ሸክሙ ይቀልለታል፤ ሰጋቱራውም በቀላሉ ይወጣል። ግን ተአምር አይሠራም። ብዙ ጊዜ 1 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚገጥማችሁ ከሆነ፣ ወይም ጣውላ የምትሰነጥቁ ከሆነ፣ 120 ሲሲዎቹ ክብደታቸው ይገባቸዋል። ለአብዛኛው ሰው ግን 90 ሲሲ አካባቢ ያለው ይበቃል ባይ ነኝ። እንደ 92.7 ሲሲው የሁስክቫርና 592ኤክስፒ ያለው 7.4 ኪሎ ሆኖ 5.6 ኪሎዋት ይሰጣል፤ ያ ለወፍራም ግንድም ትንሽ አይደለም።

ንዝረቱንም ከመመሪያ ደብተሩ አስተያዩ። የተሻለው ቁጥሩ ዝቅ ያለው ነው። መጋዙ ቀላል ስለሆነ ብቻ ንዝረቱ ሁልጊዜ ትንሽ ነው ማለት አይደለም።

8. በሦስተኛው ታንክ ድገሙት

በመጀመሪያው ታንክ ሁሉም መጋዝ ቀላል ነው። ጠዋት ነው፣ ክንዳችሁ ትኩስ ነው፣ ደስታም አለ። ስለዚህ የተለመደ ሥራችሁን በአንዱ መጋዝ ጀምሩና ሁለት ታንክ ጨርሱ። ሦስተኛውን ሙሉና ያንኑ የቁራጭ ፈተና ድገሙ። በሌላ ቀን በሌላው መጋዝ እንዲሁ አድርጉ። ሁለቱንም በአንድ ቀን አታድርጉ፤ ሁለተኛው የደከመ ክንድ ይደርሰዋል።

የባሩ ጫፍ የላይኛው ማዕዘን ግንድ ሲነካ መጋዙ ወደ ሰው ይራገጣል፤ የደከመ ክንድ ደግሞ ጫፉን አይቆጣጠርም። እጃችሁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ የሰንሰለቱን ፍሬን ግፉ፣ መጋዙን አስቀምጡ፣ ሰዓቱን ጻፉ። ያ ሰዓት ከኪሎዋቱ አጠገብ መጻፍ ያለበት ቁጥር ነው።

ስትጨርሱ ሰንሰለቱን ላላ አድርጉት። ሙቅ ሳለ ያጠበቃችሁት ሰንሰለት ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ባሩን ሊጎዳ ይችላል። በተለይ የሰው መጋዝ ተውሳችሁ ከሆነ።